በሁለት ሰሃን መሀል

እኔ መሠረተ ትምህርት ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ ወንበር ላይ ተቀምጬ አልተማርኩም። ስለዚህ ነገሩን እንደመጣልኝ ነው የማስቀምጠው። ልጅ የምታሳድጉ፣ በተለይ ደግሞ እንደኔ ክብደት ለመቀነስ ብላችሁ ኦፕራሲዮን የሆናችሁ እናቶችና አባቶች ካላችሁ፣ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

ያኔ አሰብ ነበርን። ኤርትራ ለብቻዋ ከሆነች በኋላ፣ ጦርነቱ ደግሞ ከመምጣቱ በፊት፣ ወደቡ ሥራ በሥራ የነበረበት ጊዜ ነው። ባለቤቴ ሰይድ በወጣትነቱ ከደሴ ወርዶ ገበያው አጠገብ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። እኔንም ከዚያው ከወሎ አግብቶ አመጣኝ። ሁለት ልጆች ነበሩን። መዲና ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ኑሩ ገና አፉን መፍታቱ ነው።

እኔ በጣም ወፍራም ነበርኩ። ከመቀመጫዬ ለመነሳት የሰው እጅ እፈልግ ነበር። በአሰብ ሙቀት ላይ ያ ሁሉ ሥጋ ሲጨመር ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል። ኋላ ስኳር ያዘኝ፤ ጉልበቴም ከዳኝ። እናቴ በስኳር እግሯን ተቆርጣ ነው የሞተችው። ሌሊት ሌሊት እግሬን እየዳሰስኩ ነበር የምተኛው። ጅዳ የምትኖረው እህቴ ከድጃ ይህን ስትሰማ ዑምራ ብላ አስጠራችኝና ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሞቹ ሆዴን ከፍተው ጨጓራዬን ሰፉት፤ የሕፃን ቡጢ የምታህል አደረጓት። ከዚህ በኋላ ትንሽ ትንሽ እያልሽ፣ ውሃ እስኪሆን እያኘክሽ ትበያለሽ፣ በቃኝ ሲልሽ ታቆሚያለሽ አሉኝ። ከድጃ ከዐረብኛው እየመለሰች ነገረችኝ።

ተሽሎኝ ልመለስ ስል የአገሬ ሰዎች ሊሸኙኝ ተሰበሰቡ። አንዲት ትልቅ ሴት በሥጋ የተጠቀለለ ጉርሻ ይዘው መጡብኝ። በዕድሜ እናቴን የሚያክሉ ሰው ናቸው፤ እጃቸው አየር ላይ ቆሞ እንዴት እምቢ ይባላል? ጎረስኩ። ደረቴ ላይ ድንጋይ የተቀመጠ መሰለኝ። አይወርድም፣ አይወጣም። ትንፋሼ ሲያጥር፣ ከአፌ አረፋ ሲመጣ አስታውሳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ከድጃ ናት የነገረችኝ። ሐኪሙ ተቆጣ። ከእንግዲህ ከሰው እጅ እንዳትጎርሺ አለ። ወደ አሰብ ስመለስ ሻንጣዬ ውስጥ ከነበረው ሁሉ የከበደኝ ያ ፍርሃት ነበር።

ቤቴ ገብቼ ሰሃኔን ለየሁ። ትንሽዬ፣ የሻይ ብርጭቆ የሚቀመጥባት ሰሃን ናት። ምግቤን እሷ ላይ አድርጌ ማድ ቤት በርጩማ ላይ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እበላለሁ። ሰው ካየኝ ‘ይሄ ብቻ?’ ይለኛል፤ ‘በሞቴ’ ይለኛል፤ ያጎርሰኛል ብዬ ነው። ድሮ ሁላችንም አንድ ትሪ ዙሪያ ነበርን፤ መዲና ከጎኔ፣ የመጀመሪያዋ ጉርሻ የሷ። አሁን ግን ሰይድም እኔ ጅዳ ሳለሁ ምሳውን ሱቅ መብላት ለምዶ ቀረ። መዲና ከትምህርት ቤት ስትመለስ የአባቷን ምሳ ይዛ ትሄዳለች። “እዚያው ከአባዬ ጋር እበላለሁ” ትለኛለች። እኔም ቤት ውስጥ ቆሞ የሚያየኝ ሰው በመቀነሱ ደስ ይለኛል።

አንድ ቀን መዲና ጀርባዬን ስታሽልኝ ቀሚሴ ተገለጠና ሆዴ ላይ ያለውን ስፌት አየች። ምንድነው አለችኝ። ልጄ ክብ ፊት ናት፣ ጉንጯ ሙሉ፤ እኔም በሷ ዕድሜ እንደዚያው ነበርኩ። የናቴ እግር ትዝ አለኝ። ላስተምራት ብዬ፣ የሆዳምነት ዋጋ ነው፣ ብዙ የሚበላ ሰው መጨረሻው ይሄው ነው፣ ይቀደዳል አልኳት። በጣቷ ስፌቱን ከላይ እስከ ታች ተከተለችው።

በዚያው ሰሞን ጎረቤታችን እትዬ አስካለ መጣች። ባሏ ወደብ ላይ የሚሠራ፣ ቀልድ የማያልቅባት፣ ቤቴን እንደ ቤቷ የምታይ ሴት ናት። መዲናን ጉንጯን ይዛ፣ “ይቺ ዱባ እኮ ቁርጥ እናቷን ናት፤ ትንሽ ቆይተን እሷንም በአውሮፕላን ጅዳ መስደድ ነው” አለች። ሳቅን። መዲናም ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ልጄ እየቀጠነች መጣች። ቁመት እየጣለች ነው አልኩ። አልሃምዱሊላህ፣ እኔን ሳትመስል ልትቀር ነው አልኩ። ቀሚሷን በመርፌ አጠበብኩላት።

አንድ ቀን ጠዋት ላይ ነው። ኑሩን እያጠብኩ ሳለ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በሩ ላይ ቆመ። የመዲና እናት መሆኔን ጠየቀኝ። ልጅሽ ሰልፍ ላይ ወድቃለች፣ ሆስፒታል ወስደዋታል አለኝ። ኑሩን እርጥቡን አዝዬ ወጣሁ። መንገዱን አላስታውሰውም። የማስታውሰው አንድ እግሬ የሰይድን ነጠላ ጫማ እንዳጠለቀ ነው። አላለቀስኩም፣ አልጮህኩም። ውስጤ እንደ ማደንዘዣው ቀን ሆነ፤ ሰውነቴ አለ፣ እኔ ግን የለሁም።

መዲና አልጋ ላይ ተኝታለች። ክንዷ ላይ ጉሉኮስ ተሰክቷል። ሰይድ ቀድሞኝ ደርሶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። አንዲት ሲስተር ነበረች፣ ትግርኛ ተናጋሪ፤ “አደይ፣ ተቀመጪ” ብላ፣ እናቴ ማለቷ ነው፣ ወንበር ሳበችልኝ። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው። የመዲናን የዐይን ቆዳ ገልጦ አየ፣ ሆዷን ነካ ነካ አደረገ፤ ከዚያ ወደኔ ዞረ።

“ትናንት ምሳ ምን በላች?”

“ሩዝ በዓሣ። ሱቅ ከአባቷ ጋር ነው የምትበላው።”

ሰይድ ቀና አለ። “ከኔ ጋር? ካንቺ ጋር በልታ አይደል እንዴ የምትመጣው?”

“ማን አለህ?”

“ራሷ ናት። ‘እማዬ ከሰሃኗ አካፍላኝ በላሁ’ ነው የምትለኝ።”

“ከዚያች ሰሃን?” አልኩት።

ሰይድ ሰሃኗን ያውቃታል። ሐኪሙ አንዴ እኔን አንዴ እሱን ያያል። ማታስ አለ። ማታ ሻይ በዳቦ ትላለች አልን፣ ሁለታችንም በአንድ አፍ። ሻዩን ስትጠጣ አይተናል። ዳቦውን ግን ስትበላው ማን አየ? ኑሩ አጠገቧ ነው የሚቀመጠው፤ ኑሩ የሰጡትን አይመልስም።

ሐኪሙ አልተቆጣንም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከምግብ ከራቀች ቆይታለች፣ ሰውነቷ አልቋል፣ ጉሉኮሱ ምግብ አይሆናትም አለ። እስከ ከሰዓት በአፏ ካልወሰደች በአፍንጫዋ ቱቦ እናስገባለን፤ እሱም ካልሆነ እዚህ የምናደርግላት የለም፣ በአውሮፕላን ወደ ትልቅ ሆስፒታል ትሄዳለች አለን። ‘እንዲህ ከቆየች ልብ ይደክማል’ ሲል ሰማሁት። መዲና ዐይኗን ጨፍናለች። የተኛች መስሎኝ ነበር።

ሰይድ ሮጦ ከአንድ የመናዊ ምግብ ቤት የዓሣ ሾርባና ዳቦ ይዞ መጣ። መዲና ከንፈሯን ገጠመች። ማንኪያው ጥርሷ ላይ ይንኳኳል እንጂ አይገባም። ሾርባው በአገጯ ወረደ። ብስክሌት እገዛልሻለሁ አላት። ዝም። ደሴ አያትሽ ጋር እወስድሻለሁ አላት። ዝም። ቆይቶ ተቆጣት፤ ቆይቶ ደግሞ ይቅርታ ጠየቃት። እትዬ አስካለም ሰምታ መጣች። ለማሳቅ ብላ፣ “ዱባዬ፣ ለኔ ስትይ አንዲት” ስትል ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ማድ ቤት እንደማደርገው፣ ልክ እንደዚያ አድርጋ። አስካለ የያዘችውን ማንኪያ ኮሞዲኖው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ያን ቀን ሌላ ቀልድ አልተናገረችም።

ሲስተሯ ልጅቷን አታስጨንቋት፣ ትንሽ ትረፍ አለችን። ሰይድ ኑሩን ይዞ ወደ ግቢው ወጣ። እኔ ቀረሁ።

ቀትር ሆነ። ከላያችን ማራገቢያው ይዞራል፤ የሚያራግበው ያንኑ ትኩስ አየር ነው። ልጄን አያታለሁ። ልትሞትብኝ ትችላለች ብዬ አሰብኩ። ሐሳቡ መጣ፣ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ምንም አላደረገኝም። ከዚያ ሁሉ ቀን ያ ድንዛዜ ነው እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ።

በኮሪደሩ ሰው የተኛበት ተሽከርካሪ አልጋ አለፈ። አረንጓዴ የለበሱ ሁለት ሰዎች ይገፉታል። መዲና ዐይኗን ገልጣ እስኪጠፋ ተከተለችው። ከዚያ ወደኔ ሳትዞር ተናገረች።

“እማዬ፣ ዛሬ ነው ወይስ ነገ?”

“ምኑ?”

“ሆዴን የሚቀድዱኝ።”

ወንበሬ ላይ እንዳለሁ ቀረሁ። ማን ነገረሽ አልኳት።

“ዶክተሩ። ቱቦ አለ፤ በአውሮፕላን አለ። አንቺም በአውሮፕላን ነው የሄድሽው።” በነጻው እጇ ቀሚሷን ሰበሰበች። ያ ያጠበብኩት ቀሚስ ሰፍቷት ነበር። የጎን አጥንቷን አሳየችኝ። “ከስቻለሁ እኮ እማዬ። እዪኝ። ንገሪያቸው።”

ማልቀስ ነበረብኝ። አልመጣልኝም። ቀሚሷን ወደ ታች መለስኩላት።

“አይቀድዱሽም” አልኳት።

“አንቺን ቀድደውሻል።”

“እኔ ታምሜ ነው። ስኳር ነበረብኝ።”

“ሆዳምነት ነው ብለሻል።”

“ስለፈራሁ ነው እንደዚያ ያልኩሽ። በሽታ ነው። ማንም ልጅ ምሳውን ስለበላ አይቀደድም።”

አሰበችው። አላመነችኝም። ልጅ ሲዋሹት የኖረበትንና እውነት የሚነገርበትን ድምፅ ይለያል፤ የኔ ድምፅ ገና አልተለየላትም።

“እንግዲያ ለምን ከኛ ጋር አትበይም?”

ለዚህ የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ፤ ‘ሐኪም ስላዘዘኝ ነው’ የሚል። ለሰው ሁሉ የምለው እሱን ነው። ለሷ ግን ከአፌ ሌላ ወጣ።

“ስለምፈራ ነው።”

“ምን?”

“ጉርሻ።”

ያን ጊዜ ዞራ አየችኝ። ከብዙ ጊዜ በኋላ የልጅ ፊት ነበር ያየሁባት። “ጉርሻ ይፈራል እንዴ?”

የጅዳውን ነገርኳት። ስለ ትልቋ ሴት፣ ስለ ሥጋው፣ ስለ አረፋው። ለባሌም እንኳ እንደዚያ አድርጌ አልተናገርኩትም። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

“ትልቅ ነበር?”

“እንደ ሴትዮዋ እጅ።”

“ትንሽ ቢሆንስ?”

“አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ከማንም እጅ ጎርሼ አላውቅም።”

ቀስ ብላ ተነስታ ተቀመጠች። ደክሟት ትንሽ አረፈች። ከዚያ ከኮሞዲኖው ላይ ሳህኑን አስጠጊልኝ አለች። ዳቦ ቆረሰች፣ መልሳ ከዚያው ላይ ቆረሰች፣ ሾርባ አስነካችው፣ የዓሣ ፍርፋሪ አደረገችበት። የባቄላ ፍሬ ታህላለች። ወደ አፌ አመጣችው።

“ይሄስ?”

እናንተ አንባቢዎች፣ ያቺን ፍርፋሪ ስታዩ ትስቁ ይሆናል። እኔ ግን ፈራሁ። ቢያንቀኝ፣ እፊቷ አረፋ ብደፍቅ፣ ይህች ልጅ ከእንግዲህ እህል አትነካም። እምቢ ብላትም አትነካም። በበሩ በኩል አየሁ፤ የምጠራው ሰው አልነበረም። አፌን ከፈትኩ።

አኘክሁ። ውሃ ሆነ፣ አሁንም አኘክሁ። መዲና ዐይኗን ከጉሮሮዬ ላይ አላነሳችም። ዋጥኩ።

“ወረደ?”

“ወረደ።”

“አመመሽ?”

“አላመመኝም።”

እኔም ያንኑ ያህል ቆረስኩ። ሾርባ አስነካሁ። ወደ አፏ ሳመጣው ጥርሷ ገጠመ። አልገፋሁም፤ እጄን እዚያው ያዝኩት። ክንዴ ዛለ። ከዚያ በኋላ ከፈተችልኝ።

ልክ እኔ እንዳደረግሁት አኘከች፣ እያየችኝ። ወረደ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

እንዲህ እየተባባልን ቀጠልን። አንዴ እሷ ለኔ፣ አንዴ እኔ ለሷ። ከጥቂት በኋላ ሆዴ ላይ ያ የማውቀው ክብደት መጣ። እጇን ያዝኩና “እኔ በቃኝ” አልኳት።

ቀጥ አለች። የቆረሰችው ዳቦ በጣቷ መሀል ነው። ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ሆዴን አየች።

“እኔ ግን…” አለች።

“አንቺ ምን?”

“እኔ አልበቃኝም።”

ሰርቃ የተያዘች ሰው ነው የምትመስለው። ‘በቃሽ’ የምትለዋ ቃል በዚያች ሰዓት እንኳ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች፤ እውነቱን ልንገራችሁ። ዋጥኳት። ሳህኑን ወደሷ ገፋሁት።

“የበቃው የኔ ሆድ ነው። ያንቺን ሆድ የምታውቂው አንቺ ነሽ።”

በላች። ሲስተሯ ቱቦውን በብረት ትሪ ይዛ በሩ ላይ ደረሰች። አየችን። “ጽቡቕ” አለች ለራሷ፣ ደግ ነው ማለቷ ነው፤ ትሪዋን ይዛ ተመለሰች።

ሰይድ ሲገባ ሳህኑ ግማሽ ደርሷል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ኑሩ እጁን ዘረጋ፤ እህቱ ቆርሳ ሰጠችው። እሱም ሳያኝክ ዋጠ፣ እንደልማዱ።

በዚያ ቀን ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብላችሁ አታስቡ። ከሆስፒታል ከወጣን በኋላም ልጄ ምግብ ስታይ ወደ ሆዴ የምታይበት ጊዜ ብዙ ነበር። የኔም ድንዛዜ ወዲያው አልለቀቀኝም። ማልቀስ የመጣልኝ ኋላ ነው፣ ያጠበብኩትን ቀሚስ ስፌት ስፈታ።

ቤታችን ግን ተለወጠ። ሰይድ በምሳ ሰዓት ሱቁን እየዘጋ ቤት መጣ፤ ትሪው ተመልሶ መሀል ተቀመጠ። የኔን ትንሽ ሰሃን ከማድ ቤት አወጣሁና ትሪው መሀል አደረግኋት። የምበላው እነሱ የሚበሉትን ነው፤ ያው ዓሣ፣ ያው ምስር፣ ያው ጎመን፤ መጠኑ ብቻ ነው የሚለየው። እንግዳ ሲመጣና እጁን ሲዘረጋልኝ መዲና ቀድማ፣ እማዬ ትንሽ ትንሽ ነው የምትጎርሰው ትላለች። ማንም አልተቀየመም። ያን ያህል ጊዜ የፈራሁት ነገር በአንዲት ልጅ አፍ አለቀ። እትዬ አስካለንም ዱባ የሚለውን ተዪልኝ አልኳት። “ምን ብዬ ልጥራት ታዲያ?” አለች። ስም አላት አልኳት። ዐይኗ እንባ ሞላ፤ ከዚያ ወዲያ መዲናዬ ነው የምትላት።

እንደኔ የሆናችሁ ወላጆች፣ ፍርሃታችሁ ይገባኛል። ልጃችን እኛን እንዳይሆን ብለን ነው የምንንቀጠቀጠው። ግን ስፌታችሁን ለማስፈራሪያ አታሳዩት። ታምሜ ታከምኩ በሉት፤ እውነቱ እሱ ነው። ከገበታ ተለይታችሁ አትብሉ፤ እኛ ዘንድ ሰሃን የሚለየው የተጣላ ወይም የማይድን ሰው ነው፣ ልጅም ይህን ሳይነገረው ያውቃል። ‘ብላ ብላ’ም፣ ‘በቃህ’ም አትበሉት። ጥሩውን ምግብ ማቅረብ የናንተ ነው፤ በቃኝ ማለት የሱ። እኔ ይህን የተማርኩት ከሐኪም አይደለም ብል ውሸት ነው፤ በቃኝ ሲልሽ አቁሚ ያለኝ ሐኪም ነው። ቃሉ ለልጄም እንደሚሠራ ነው ያልገባኝ።

ጦርነቱ ሲመጣ ከአሰብ ወጣን። ትሪውም ሱቁም እዚያው ቀረ። ትንሿን ሰሃን በልብስ ጠቅልላ ያመጣቻት መዲና ናት።

ዛሬ መዲና ራሷ የልጆች እናት ናት። ልትጠይቀኝ ስትመጣ ከሁሉ በፊት እጇን ታጥባ ትቆርስልኛለች፤ የባቄላ ፍሬ ታህላለች። ታጎርሰኝና ዐይኗን ጉሮሮዬ ላይ ታደርጋለች። ልጆቿ ለምን እንደሆነ አያውቁም፤ ዝም ብለው ይጠብቃሉ።

“ወረደ?” ትለኛለች።

“ወረደ” እላታለሁ። ከዚያ ሁላችንም እንበላለን።